በግስ ጀርባ የታዘለ ተሳቢ፦ ከሰከላ እስከ ወጣቶች ደሴት

ከእንጅባራ በስተምሥራቅ፣ በሰከላ ምድር፣ ግሽ ዓባይ በሚባለው ስፍራ፣ በ1610 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር (እ.ኤ.አ. 1618) አንድ የእስፓኝ ተወላጅ ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ተጉዞ የዓባይን ምንጭ ተመለከተ። ይህ ሰው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደዚያው ቦታ የደረሰው ከ152 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ዝናው ግን ለረጅም ዘመን የብሩስ ሆኖ ኖሯል። የምንጩ ነገር ለጂኦግራፊ ሊቃውንት ይተውና፣ የቋንቋ መምህር ለሆነ ሰው የፓኤዝ በዚያ ቦታ መቆም ሌላ ቁም ነገር አለው። በዚያች ቀን በአንድ ኮረብታ ላይ ሦስት ቋንቋዎች ተገናኝተው ነበር፤ በእንግዳው ልቡና ውስጥ ያለው እስፓኝኛ፣ በሠራዊቱ አፍ የሚነገረው አማርኛ፣ የአገሩ ባለቤት የሆነው ሕዝብ የሚናገረው አገውኛ። ሦስቱም አንድ ነገር አይተው «አየሁት» ሊሉ ቢፈልጉ፣ ያችን የታየችውን ነገር የምታመለክተውን ቃል እያንዳንዳቸው የሚያኖሩባት ስፍራ የተለያየ ነው።

አማርኛ ተሳቢውን ተውላጠ ስም እንደ ሕፃን በግሱ ጀርባ ያዝለዋል። «አየሁ» ብሎ የጀመረው ተናጋሪ «ት» ጨምሮ «አየሁት» ይላል፤ አድራጊውም ተደራጊውም በአንድ ቃል ውስጥ ተጠቃለው ይገኛሉ። እስፓኝኛ ይህንኑ ተውላጠ ስም ራሱን የቻለ አጭር ቃል አድርጎ ከግሱ ፊት ያቆመዋል፤ «ሎ ቤኦ» ሲል «አየዋለሁ» ማለቱ ነው፤ «ሎ» የሚለው ብቻ «እርሱን» ማለት ሲሆን «ቤኦ» ደግሞ «አያለሁ» ነው። አዊዎች የሚናገሩት አውኚም በበኩሉ ተውላጠ ስሙን ለብቻው የቆመ ቃል ያደርግና የተሳቢነት ምልክት ጨምሮበት ከግሱ አስቀድሞ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ በቤተሰብነት ከእስፓኝኛ ጋር ፈጽሞ የማይገናኘው አውኚ፣ በዚህች በአንዲት ነጥብ ከአማርኛ ይልቅ ለእስፓኝኛ የቀረበ ሆኖ ይገኛል። ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለመምህር አጋጣሚም መሣሪያ ነው።

ፓኤዝ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1564 ከማድሪድ አቅራቢያ በምትገኝ ኦልሜዳ በተባለች መንደር ነው። ከዚያ በፊት በ72 ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1492፣ አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ የካስቲልያን ቋንቋ ሰዋስው ጽፎ አሳትሞ ነበር። በአውሮፓ ሕዝቡ በየቀኑ ስለሚናገረው ቋንቋ የታተመ የመጀመሪያው ሰዋስው ይህ ሲሆን፣ ኔብሪኻ አምስተኛውን መጽሐፍ ለይቶ ያዘጋጀው ቋንቋውን ሊማሩ ለሚሹ የውጭ አገር ሰዎች ነው። የገዛ ቋንቋን ለሌላው ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ኔብሪኻ አስቀድሞ የተረዳው ይመስላል፤ ለአገሬው ተወላጅ የሚበቃው ማብራሪያ ለእንግዳው አይበቃምና።

ፓኤዝ ግን ወደ ኢትዮጵያ በ1595 ዓ.ም. ሲገባ የገጠመው ተቃራኒው ነው፤ መምህር ከመሆኑ በፊት ራሱ ጀማሪ ተማሪ ሆነ። ከዚያ በፊት በየመን ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ኖሮ ዐረብኛን ስለተማረ፣ ተውላጠ ስም በግስ መጨረሻ መለጠፉ አዲስ ነገር አልሆነበትም ይሆናል። በትግራይ ፍሬሞና ተቀምጦ አማርኛና ግእዝ አጠና፤ የፖርቱጋል ወታደሮች ዘር የሆኑትን ልጆች ሰብስቦ አስተማረ፤ የሃይማኖት ትምህርቱን በጥያቄና መልስ የያዘውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ እንዲመለስ አደረገ። በ1596 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ዘድንግል ፊት ሲቀርብ ያስተማራቸው ልጆች ትምህርቱን በቃላቸው አሰምተው ቤተ መንግሥቱን እንዳስደነቁ ራሱ ጽፏል። በ1614 ዓ.ም. ጎርጎራ ላይ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ በፖርቱጋልኛ ነው። እርሱ በሞተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተከተለው የሃይማኖት ጦርነትና የማኅበሩ መባረር የታወቀ ስለሆነ እዚህ አይደገምም።

ለዚህ ጽሑፍ የሚፈለገው የልጆቹ ጥያቄና መልስ ነው። ጸሎት በማናቸውም ቋንቋ ቢሆን በትእዛዝ አንቀጽ የተሞላ ነው፤ «ስጠን»፣ «ማረን»፣ «አድነን» የሚሉት ቃላት ሁሉ ተውላጠ ስማቸውን በጀርባቸው አዝለዋል። እስፓኝኛም ሌላውን ጊዜ ከግስ ፊት የሚያቆመውን ተውላጠ ስም፣ ትእዛዝ ሲሆን ወደ ኋላ ወስዶ ከግሱ ጋር ያጣብቀዋል። «ዳኖስ» ማለት «ስጠን» ነው፤ «ሊብራኖስ» ማለት «አድነን» ነው፤ «ኖስ» የሚለው «እኛን» በሁለቱም ከመጨረሻ ተለጥፏል። በትእዛዝ አንቀጽ እስፓኝኛና አማርኛ አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው ማለት ነው። ይህ ተራ የሚመስል ነገር ከ360 ዓመት በላይ ቆይቶ ለኢትዮጵያውያን ልጆች እንዴት ያለ በር እንደሚከፍት ከዚህ በታች ይታያል።

ሆኖም በጎጃም ምድር ተሳቢ ተውላጠ ስምን ለልጆች ማስተማር ከፓኤዝ ጋር የመጣ ሙያ አይደለም። በዋሸራና በጎንጅ፣ በሌሎችም የቅኔ ቤቶች፣ ለአገው ምድር ልጆች ጭምር ቅርብ በነበሩት ጉባኤዎች፣ የግእዝ ግስ ከነዝርዝሩ ይወርድ ነበር፤ ዛሬም ይወርዳል። ዝርዝር የሚባለው በሌላ ስሙ ተሳቢውን ተውላጠ ስም በግሱ ላይ እየለጠፉ መውረድ ነው። «ባረከ» ያለው ልጅ «ባረከኒ፣ ባረከከ፣ ባረከኪ፣ ባረኮ፣ ባረካ» ብሎ ይወርዳል፤ ቀጥሎም «ባረከነ፣ ባረከክሙ፣ ባረከክን፣ ባረኮሙ፣ ባረኮን» ብሎ ይጨርሳል። ኮቸሮ ለምኖ፣ በደበሎ ተጠቅልሎ፣ ውሻ እየተከላከለ የሚማረው የቆሎ ተማሪ፣ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ስንት ሰንጠረዥ የሚፈጀውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ዜማ ይዞት ይሄዳል። ይህን ዘዴ «ሽምደዳ» ብሎ ማጣጣል በዘመናዊ መምህራን ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ፍርዱ ችኩል ነው። ዝርዝሩን ያወረደ ልጅ ከዐሥሩ ውስጥ የትኛው እንደጎደለ ወዲያው ይሰማዋል፤ ጆሮው ተሞርዷልና። ጉድለቱ ሌላ ላይ ነው። ግእዝ በቤትና በገበያ የማይነገር በመሆኑ «ባረኮ» ሲል «ኦ» ያለችው ማንን እንደሆነ የሚያሳይ ሰው ከፊቱ አይቆምም። መራጩ ጥያቄ፣ ማለትም «ከዐሥሩ አሁን የትኛውን ልበል?» የሚለው፣ የሚመጣው ዘግይቶ ቅኔ መቁጠር ሲጀምር ነው።

በዚህ ላይ ጊዜው ወደ 1971 ዓ.ም. ያልፋል፤ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያን ልጆች በሚመለከት ሁለት ታላላቅ የቋንቋ ሥራዎች ተጀምረዋል። አንደኛው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ቀስ በቀስ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ ሽልማት ለኢትዮጵያ አስገኝቷል። አውኚ ከ15ቱ ውስጥ አልነበረም፤ የእንጅባራና የዳንግላ ገጠር ልጅ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነው። ሁለተኛው ሥራ ደግሞ በባሕር ማዶ የተደረገ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ምክንያት በተደረገው ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ከ2,000 በላይ ልጆች ወደ ኩባ ተልከው በአዲስ ቋንቋ ትምህርት ጀመሩ። በጦርነቱ ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው ለወደቁት ኩባውያን ወታደሮች መታሰቢያ የሆነው የትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሟል፤ ልጆቹ ስለ ተማሩበት ቋንቋ ግን በአማርኛ የተጻፈ ነገር ከጥቂቱም ያነሰ ነው።

የሄዱበት ስፍራ በፊት የጥድ ደሴት ይባል የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣቶች ደሴት ተብሎ የተሰየመ፣ ከዋናው የኩባ ምድር በስተደቡብ የሚገኝ ደሴት ነው። በዚያ ለአዳሪ ተማሪዎች የተሠሩ የገጠር ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ልጆች በየአገራቸው ተለይተው ይማሩባቸው ነበር። ደንቡ ግማሽ ቀን በክፍል መማር፣ ግማሽ ቀን በፍራፍሬ እርሻ ላይ መሥራት ነው። ልጆቹ የአገራቸውን ቋንቋ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ እንዳይረሱ ከየአገራቸው የመጡ መምህራን አብረዋቸው ነበሩ፤ ሌላው ትምህርት በእስፓኝኛ ነው። የአንጎላና የሞዛምቢክ ተማሪ ፖርቱጋልኛን ትንሽም ቢሆን ስለሚያውቅ፣ ለእስፓኝኛ ግማሽ መንገድ ተጉዞ የመጣ ያህል ነበር። ኢትዮጵያዊው ልጅ ግን ከባዶ ይጀምራል። ከባዶ ይጀምራል ማለት ግን ምንም የለውም ማለት አይደለም፤ አማርኛ የሚናገር ልጅ ተሳቢ ተውላጠ ስምን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠቀምበት የሚቆጥረው ባይኖርም፣ ያለ እርሱ አንድ ሰዓት አያድርም።

በዚህ ላይ ለጀማሪው ልጅ የሚያስቸግረው ነገር ምን እንደሆነ በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ችግሩ መምህሩ ሊያስበው ከሚችልበት ስፍራ ላይ አይደለም። ቃላቱ ራሳቸው ጥቂት ናቸው። «ሜ» እኔን፣ «ቴ» አንተን፣ «ሎ» እርሱን፣ «ላ» እርሷን፣ «ኖስ» እኛን፣ «ሎስ» እና «ላስ» እነርሱን ማለት ናቸው። በእስፓኝ አገር «እናንተን» ለማለት «ኦስ» የሚባል ሲጨመር ኩባውያን ግን አይናገሩትም፤ ስለዚህ የደሴቱ ተማሪ ከእርሱ ነፃ ነበር። እነዚህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ማጥናት ይቻላል። የቅኔ ቤት ልጅ ቢሆን በአንድ ዜማ ያወርዳቸዋል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ጾታ ነው። አማርኛ ግዑዝ ነገርን በደንቡ በወንድ አንቀጽ ይጠራል፤ ለማቆላመጥ ወይም ትንሽነቱን ለመግለጽ ካልሆነ በቀር «ወንበሯ» አይልም። እስፓኝኛ ግን ጠረጴዛን፣ ወንበርን፣ መስኮትን ሁሉ ሴት አድርጎ ይጠራል፤ መጽሐፍንና እርሳስን ደግሞ ወንድ ያደርጋል። በደሴቱ እርሻ በብዛት ይለቀም የነበረው የግሬፕ ፍሩት ፍሬ ስሙ «ቶሮንኻ» ነው፤ ሴት ነው። እንግዲህ በማለዳ ከዛፍ ሥር የቆመ ልጅ በአማርኛ አስቦ «ልቀመው» ሊል ሲሻ፣ የሚሰማው ግን «ሬኮኼላ» ነው፤ ቃል በቃል «ልቀማት» እንደ ማለት። ይህ ልጅ «ሎ» ብሎ ቢሳሳት ሰነፍ አይደለም፤ የእናቱን ቋንቋ በትክክል እየተረጎመ ነው። ፍሬው በእጁ ላይ ሳለ «ላ» የምትለውን መቶ ጊዜ ሲሰማ ግን፣ ሰንጠረዡ ያልሰጠውን የእጁ ልማድ ይሰጠዋል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው እንቅፋት የጆሮ ነው። ኩባውያን በቃል መጨረሻ የሚገኘውን «ስ» አጥርተው አይጠሩትም፤ ወደ «ህ» ይለውጡታል፤ አንዳንዴም ፈጽመው ይውጡታል። ስለዚህ በጽሑፍ «ሎስ» የተባለው በሜዳ ላይ «ሎህ» ወይም «ሎ» ሆኖ ይሰማል። አንዱንና ብዙውን የሚለየው ነገር በሰሌዳ ላይ እንጂ በአየር ላይ የለም። ልጁ በጆሮው የተማረውን በጽሕፈት ሲያስገባ «ስ»ን ቢተው መምህሩ ስሕተቱን የሰዋስው ስሕተት አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል፤ የሆነው ግን ልጁ ኩባዊ በሆነ ጆሮ መስማቱ ነው።

ሦስተኛው የስፍራ ነገር ነው፤ ዋናውም እርሱ ነው። አማርኛ «መጽሐፉን አነበብሁት» ይላል። ተሳቢው ስም ከፊት እያለ በግሱ ላይ ደግሞ ይደገማል፤ መጽሐፉ የታወቀ በመሆኑ «ት»ዋ ትመጣለች፤ ያልታወቀ ከሆነ «መጽሐፍ አነበብሁ» ብሎ ይተዋታል። እስፓኝኛ በተለመደው አነጋገሩ «ሌኢ ኤል ሊብሮ» ይላል፤ ስሙ ካለ ተውላጠ ስሙ አያስፈልግም። አማርኛ የለመደ ልጅ ግን ሁለቱንም አድርጎ «ሎ ሌኢ ኤል ሊብሮ» ቢል የሚያስገርም አይደለም። ደግነቱ እስፓኝኛ ራሱ ሌላ መንገድ አለው። መጽሐፉን ወደ ፊት አውጥቶ ሊያጐላው ሲፈልግ «ኤል ሊብሮ ሎ ሌኢ» ይላል፤ በዚህ ጊዜ «ሎ»ን መተው አይቻልም። ይህ ዐረፍተ ነገር «መጽሐፉን አነበብሁት» ከሚለው ጋር በአሰካኩ ትክክል ለትክክል ይገጥማል፤ ስሙ ከፊት፣ ተውላጠ ስሙ ከግሱ ጋር። የሰዋስው መጻሕፍት ይህን አነጋገር ለላይኛው ክፍል ያቆዩታል፤ ለእስፓኝ ልጅ ወይም ለእንግሊዝ ልጅ ይህ ተገቢ ይሆናል። ለኢትዮጵያዊው ልጅ ግን በመጀመሪያው ወር ቢሰጠው የሚበዛበት አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው መግቢያ ግን አስቀድሞ በጸሎቱ ላይ የታየው ነው፤ ትእዛዝ አንቀጽ። «ቶማሎ» ውሰደው፣ «አብሬሎ» ክፈተው፣ «ዴኻሎ» ተወው። ተውላጠ ስሙ በሁለቱም ቋንቋ ከኋላ ነው፤ ልጁ ወደ ፊት የሚያመጣው ነገር የለም። በአዳሪ ትምህርት ቤትና በእርሻ ላይ ልጅ የሚሰማው ንግግር በአብዛኛው ትእዛዝ መሆኑን ማሰብ ነው፤ «አምጣው፣ ያዘው፣ አስቀምጠው፣ እጠበው»። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ከሰሌዳው በፊት ሜዳው ያስተምራል። ከትእዛዙ ቀጥሎ መልሱ ይመጣል። መምህሩ «ቶማሎ» ሲል ልጁ እየወሰደ «ሎ ቶሞ» ይላል፤ «እወስደዋለሁ» ማለቱ ነው። በዚህች ቅጽበት ነው «ሎ» ከኋላ ወደ ፊት የዘለለችው። ዝላዩን ልጁ በእጁ በያዘው ነገር ላይ ስላየው እንደ ደንብ ሳይሆን እንደ ተራ ነገር ይቀበለዋል። ወጥመዱ ያለው በአሉታ ላይ ነው። «አትውሰደው» ሲባል አማርኛ ተውላጠ ስሙን እዚያው በስተኋላ ይተወዋል፤ እስፓኝኛ ግን «ኖ ሎ ቶሜስ» ብሎ እንደገና ወደ ፊት ያመጣዋል። ስለዚህ ትእዛዝን ያስተማረ መምህር ክልከላን በዚያው ቀን ጨምሮ ማስተማር የለበትም፤ «ቶማሎ» በጆሮ እስኪረጋ ድረስ መቆየት ይሻለዋል። በሁለት ግሶች የተሠራ አነጋገር ሲመጣ ደግሞ ቋንቋው ራሱ ይራራለታል፤ «ላነበው ነው» ለማለት «ቦይ አ ሌኤርሎ» ቢልም «ሎ ቦይ አ ሌኤር» ቢልም ሁለቱም ትክክል ነው።

አንድ የጐን ነገር እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባዋል። የካስቲልያ ሰዎች ስለ ወንድ ሰው ሲናገሩ «ሎ» በማለት ፈንታ «ሌ» ማለት ከጥንት ጀምሮ ልማዳቸው ነው። ከማድሪድ አጠገብ የተወለደው ፓኤዝና በደሴቱ ላይ የተማረው ኢትዮጵያዊ ልጅ ቢገናኙ ኖሮ፣ «አየሁት» በምትል በአንዲት ቃል ላይ አንዱ የሌላውን አነጋገር ሊያርም ይነሣ ነበር። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለጀማሪ ልጆች መምህር ግን አንዱን መርጦ በእርሱ መጽናት እንጂ ሁለቱን ማቅረብ አይበጅም።

የደሴቱ ልጆች አድገው ብዙዎቹ በቴክኒክ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ተምረው ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የእርሻ ባለሙያዎች ሆነዋል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግና የሶቪየት ኅብረት መፍረስ የኩባን ኢኮኖሚ ሲያናጋው፣ መመለሻ አጥተው ለዓመታት የቆዩ ነበሩ፤ በዚያው የቀሩም አሉ። የእስፓኝኛ ችሎታቸው ግን በማናቸውም መንገድ የሚያጠራጥር አይደለም። ልጅ ሆነው ጀምረዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሰምተውታል፤ ለሚበሉት ምግብና ለሚለብሱት ልብስ ሁሉ ፈልገውታል። ይህ ሁኔታ በአንድ ሳምንት ሁለትና ሦስት ክፍለ ጊዜ ብቻ ለሚማር ልጅ ሊገኝለት አይችልም። ስለዚህ ከደሴቱ የሚወሰደው የኑሮው ሁኔታ ሳይሆን፣ ነገሩ የሚቀርብበት ቅደም ተከተል ነው።

ቅደም ተከተሉን ይዞ ወደ አዊ መመለስ የሚገባው፣ በእንጅባራና በዳንግላ ያለው ልጅ የደሴቱን ልጅ ችግር ገልብጦ ስለሚያገኘው ነው። ስለ አውኚ የተጻፈው ጥንታዊ ጽሑፍ ከብሩስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲያስተረጉም የዳሞት አገው ቋንቋ አንዱ ነበር። የአውኚን ግስ በሰፊው መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ሮበርት ሄትዝሮን ነው። የግሱ እርባታ ብዛትና ረቂቅነት ከዚህ መጽሐፍ በኋላ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ሆኗል። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ከፈቀደ በኋላ፣ አውኚ በግእዝ ፊደል ተጽፎ በአዊ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። አማርኛም ራሱን የቻለ አንድ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ይሰጣል።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አውኚ ብቻ ሰምቶ ያደገ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ በአማርኛ ሒሳብ ይማራል፤ በአማርኛ ይጠየቃል፤ በአማርኛ ይመልሳል። «ፈረሱን አየህ?» ሲባል «አየሁ» የሚል መልስ ቢሰጥ ነገሩ ገብቶታል፤ ቋንቋው ግን ጐደለ ይባላል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተሳቢው የሚለየው በስሙ ወይም በተውላጠ ስሙ ላይ በሚጨመረው ምልክት ስለሆነ፣ የአማርኛው «ን» እምብዛም አያስቸግረውም፤ «ፈረሱን» ማለትን ቶሎ ይይዛል። በስሙ ላይ አንድ ጊዜ የታወቀው ተሳቢ በግሱ ላይ ደግሞ መመልከቱ ነው የሚያስገርመው። አማርኛ ደግሞ ይህን ድግግሞሽ በአንድ ስፍራ ረግቶ እንዲቀመጥ አያደርገውም። «አየሁ» ላይ «ት» ሆኖ ከመጨረሻ የሚለጠፈው «አየ» ላይ «ው» ይሆናል፤ «አያለሁ» ላይ ሲደርስ ደግሞ በግሱና በረዳቱ መካከል ገብቶ «አየዋለሁ» ይላል፤ «አይቷል» ላይ እንደዚሁ መካከል ገብቶ «አይቶታል» ይሆናል። አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቀው ስለሚያደርገው፣ ተማሪው የሚወድቅበት ጉድጓድ አይታየውም። «ይህን ያህል ዓመት ተምሮ ‹አየሁት› ማለት አቃተው» የሚል ነቀፋ በብዙ ልጅ ላይ ወርዷል፤ ከዚህም የተነሣ አፉን ይዞ መቀመጥን የመረጠ፣ ዝምታውም ድንቁርና ተብሎ የተቆጠረበት ልጅ ጥቂት አይደለም።

በዚህ ላይ የደሴቱ ቅደም ተከተል ይረዳል። በአዊ ገጠር ልጅ በእጁ ከሚነካው ነገር መጀመር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረበት፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኛው በሚያጌጥበት አገር፣ ፈረስን የማያውቅ ልጅ የለም። «ፈረሱን እሰረው፤ ፍታው፤ ጫነው፤ አጠጣው» ሲባል ትእዛዙ ከድርጊቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የተሳቢው ምልክትም በቃሉ መጨረሻ ላይ ጥርት ብላ ትሰማለች፤ በመካከል አልተቀበረችም። ቀጥሎ «በቅሎዋን እሰራት፤ ፍታት» ይባላል፤ ልጁ «ው» እና «አት» የሚለያዩት በታሰረው እንስሳ እንጂ በአሳሪው እንዳልሆነ በዓይኑ ያያል። ይህ ከረጋ በኋላ «ፈታሁት፤ ፈታኋት» ይከተላል። «እፈታዋለሁ» የሚለው፣ ተሳቢው በመካከል የሚደበቅበት፣ የመጨረሻው ይሁን። በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ግን ሠንጠረዡ የሚጀምረው ከዚህ ከከባዱ ነው፤ ግሱ በትንቢት አንቀጽ ተጽፎ ስምንቱም መደብ በአንድ ገጽ ላይ ይደረደራል። የቅኔ ቤቱ ዝርዝር እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ዜማ አለው።

በዛሬው የአዊ ትምህርት ቤት ለመምህሩ የተረፈለት ትልቅ ጥቅም፣ ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር መሆኑ ነው። በደሴቱ ላይ ኩባዊው መምህር የልጆቹን አማርኛ ስለማያውቅ «ሎ ሌኢ ኤል ሊብሮ» ከየት እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ አብረው የነበሩት ኢትዮጵያውያን መምህራን ደግሞ አማርኛና ታሪክ እንጂ እስፓኝኛ አያስተምሩም። ሁለቱ መምህራን በአንድ ክፍል ቢቆሙ ኖሮ ሊገኝ ይችል የነበረው ነገር፣ በእንጅባራው መምህር በአንድ ራስ ውስጥ ይገኛል። የአውኚውን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ጽፎ ለብቻው በቆመው ተውላጠ ስም ሥር መሥመር ያሠምርበታል፤ ከበታቹ የአማርኛውን ይጽፍና ልጁን ጠርቶ ያች ቃል አሁን የት እንደገባች በጣቱ እንዲያሳይ ያደርገዋል። ልጁ ጣቱን በ«ፍታው» መጨረሻ ላይ በ«ው» ላይ ሲያሳርፍ፣ ፈረሱ ገና በደጅ እንደታሰረ ነው፤ ወጥቶ ይፈታዋል።